የጋሽ ፒንግ የሙከራ ጥሪ

ጋሽ ፒንግ የሚለውን ስም ያወጡለት የመሥሪያ ቤት ጓደኞቹ ናቸው። ፒንግ ማለት አንዱ ኮምፒውተር ሌላውን «አለህ ወይ?» ብሎ የሚጠይቅባት ትንሽ መልእክት ናት። ያኛው «አለሁ» ይላል፤ ወሬው እዚያው ላይ ያልቃል። ሰውየውም እንደዚሁ ነው። ይደውላል፣ «አላችሁ? ደህና ናችሁ? በሉ እሺ» ይላል፣ ይዘጋል። አንዲት ልጁን የዳረ ቀን እንኳ ንግግር አድርግ ተብሎ በግድ ተነሥቶ፣ የተሰበሰበውን ሰው አንድ በአንድ አይቶ፣ «እንግዲህ ደህና ሁኑ» ብሎ ቁጭ ብሏል። ሰው እስከ ዛሬ ይስቅበታል። እሱ ግን አይከፋውም፤ ዝም አይነቅዝም የሚለውን ተረት የፈለሰፉት የእሱ ቅድመ አያት ሳይሆኑ አይቀሩም።

ሥራው መንገድ ማበጀት ነው፤ በጠጠርና በአስፋልት ሳይሆን በኪቦርድ። ድርጅቱ ከተማ ውስጥ ዋና መሥሪያ ቤት፣ ከተራራው ማዶ ደግሞ የድንጋይ ካባ አለው። ሁለቱን የሚያገናኘው ተራራው ጫፍ ላይ የቆመ ማማ ነው። በሦስቱም ቦታ ሊኑክስ በሚባል ሶፍትዌር የሚሠራ አንድ አንድ ማሽን ተቀምጧል፤ ሦስቱንም ያሰናዳው እሱ ነው። በእያንዳንዱ ማሽን ውስጥ የመንገድ ሠንጠረዥ አለ፦ ወደዚህ ሰፈር የሚሄድ በዚህ በኩል ይውጣ፣ ወደዚያ ሰፈር የሚሄድ በዚያ በኩል። ድምፅም ሆነ ደብዳቤ ፓኬት በሚባሉ ትንንሽ ቁርጥራጮች ተበትኖ የሚጓዘው ይህን እየተከተለ ነው። ሠንጠረዡ ላይ ወደሌለ ሰፈር የሚሄድ ፓኬት ሲመጣ ማሽኑ አይጨነቅም፣ አያስቀምጥለትም፤ ይጥለዋል። መሄጃና መመለሻ ደግሞ ለየብቻ ነው የሚጻፉት። ጀማሪ ሲሆን ሰው ወደዚያ የሚያደርሰውን ይጽፍና ከዚያ የሚመልሰውን ረስቶ ቀኑን ሙሉ ፀጉሩን ይነጫል።

ካባው ያለው ክሊኒክ ውስጥ የምትሠራው ነርስ የጋሽ ፒንግ ሚስት ናት። ሰው ሁሉ ሲስተር ይላታል። እሱም ከተጋቡ ጀምሮ ሲስተር ነው የሚላት፤ በስሟ ከጠራት የተጣሉ ይመስላታል። ልጃቸው ተድራ ቤቱ ጭር ባለ ጊዜ ድርጅቱ ለካባው ነርስ ይፈልግ ነበር። ሲስተር ማስታወቂያውን አንብባ ስታበቃ «ምን ትላለህ?» አለችው። «እንዳሻሽ» አላት። ሁለት ዓመት ፈርማ ሄደች።

እንዳሻሽ ማለት በእሱ ቤት ትልቅ አክብሮት ነበር። አባቱ እናቱን ከግቢ ሳያስወጣ የኖረ ሰው ነው፤ እሱ ደግሞ ሚስቴን አላስርም ብሎ የማለው ገና በልጅነቱ ነው። እና አላሰራትም። ሻንጣዋን ራሱ ተሸክሞ፣ ራሱ አድርሶ፣ የካባውን ማሽን በዚያው ጉዞ ተክሎ ተመለሰ። ተራራውን የሚሻገር የሞባይል ሞገድ ስለሌለ የሚገናኙት በመሥሪያ ቤቱ የጠረጴዛ ስልክ ነው። በየቀኑ ከሥራ መውጫ ላይ ይደውልላታል። «አለሽ? ደህና ነሽ? ድምፄ ይሰማል?» እሷም አለሁ፣ ደህና ነኝ፣ ይሰማል ትላለች። ከዚያ በሽተኞቿን፣ ንፋሱን፣ የጎረቤቷን ድመት ታወራዋለች፤ እሱ ያዳምጣል። ስልኩን ዘግቶ ወደ ቤት ሲሄድ ባዶው ቤት ቶሎ እንዳይደርስ ረጅሙን መንገድ ይይዛል፤ ይህን ግን ለማንም አልነገረም።

ባለፈው ሳምንት ታዲያ ጨዋታዋን መሀል ላይ ገታ አድርጋ፣ ሁለት ዓመት እንድታራዝም እንደጠየቋት ነገረችው። የፈረመችው ወረቀት በሚቀጥለው የጭነት መኪና መላክ አለበት። እምቢ ካለች ደግሞ ቦታዋን የምትረከብ ሌላ ነርስ ተዘጋጅታ እየጠበቀች ነው። ይህን ሁሉ ካለች በኋላ «ምን ትላለህ?» አለችው።

«እንዳሻሽ» አላት።

ሲስተር በሽተኛ መጣብኝ ብላ ዘጋች። ክፍሏ ውስጥ በሽተኛ እንዳልነበረ ያውቃል። ልጁ ነገሩን ሰምታ ቤቱ ድረስ መጥታ ስትወቅሰው አመሸች። ምን አጠፋሁ አላት፤ ፈቃዷን ነፈግኳት ወይ፣ ተቆጣሁ ወይ። ልጅቱ ቦርሳዋን አንሥታ በር ላይ ከደረሰች በኋላ ዘወር ብላ፣ «አባዬ፣ እሷ እኮ ፈቃድ አልጠየቀችህም» አለችው። ያ ንግግር እንደ እሾህ ተሰክቶበት ሰነበተ።

ደውሎ ሊያስተካክለው ወሰነ። ወሰነ እንጂ ሊናገር የሚችለውን ገና አላገኘም ነበር። ይኸው ሲያመነታ የካባው ስልክ ታመመ። ማሽኑን ከአሮጌው መጋዘን ወደ አዲስ ክፍል አዛውረው፣ አጥፍተው አስነሥተውት ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ዋናው መሥሪያ ቤት ያሉት ጸሐፊዎች ከካባው ተደውሎ ሲያነሡ ጭጭ ይልባቸዋል። ሀሎ ሀሎ ብለው ይዘጉታል። ጋሽ ፒንግም በመውጫው ሰዓት ደውሎ ያገኘው ያንኑ ዝምታ ነው። ሲያዛውሩ የስልኮቹን ገመድ አበላሽተዋል ብሎ ጠረጠረ። ጥገናው ለሐሙስ ተያዘ። የጭነት መኪናውም ከካባው የሚነሣው ሐሙስ፣ ከምሳ በኋላ ነው። ሐሙስ ሲደርስ ጋሽ ፒንግ ምሳውን እርግፍ አድርጎ ተወው።

አጠገቡ ተቀምጣ ሰርቨሮቹን የምትጠብቀው ባለ ሰርቨሯ ሴትዮ ለምሳ ስትወጣ፣ «ጋሽ ፒንግ፣ ማሽን እኮ ካልበላህ አይበላልህም» ብላው ሄደች። ክፍሉ ውስጥ ብቻውን ቀረ። የማራገቢያ ድምፅ፣ ሁለት ስክሪን፣ አንድ ስልክ።

የእነዚህ ሰዎች የአሠራር ልማድ ለውጭ ሰው ያስቃል። ማማው ላይ ያለው መስመር ጠባብ ስለሆነ፣ ስልኮቹ ሰው ዝም ሲል ምንም እንዳይልኩ ተደርገው ነው የተሰናዱት፤ የሚጓዘው ንግግር ብቻ ነው። ስለዚህ መስመር የሚፈትሽ ሰው ፓኬት እንዲያልፍ ከፈለገ አፉን መክፈት አለበት። ባለ ሰርቨሯ አለቃዋን ትሳደባለች። ሌላው የኳስ ጨዋታ ያስተላልፋል። ጋሽ ፒንግ ቁጥር ይቆጥራል። ለሙከራ ብቻ የሚያገለግል አንድ ቁጥርም አላቸው፤ በዚያ ሲደወል የወዲያኛው ስልክ ማንም ሳያነሣው ራሱ ይከፈታል፣ ድምፁም ለክፍሉ ሁሉ ይሰማል።

በዚያ ቁጥር ወደ ክሊኒኩ ደወለ። በምሳ ሰዓት ሲስተር ሠራተኞቹ የሚያድሩበት ቤት ሄዳ የተኙ በሽተኞችን እንደምትጎበኝ ያውቃል፤ ክፍሉ ባዶ ነው። ስልኩ ተከፈተ። ጋሽ ፒንግ የማማውን ማሽን በስክሪኑ ከፍቶ የሚያልፈውን ፓኬት እያየ፣ «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት» ማለት ጀመረ። በተናገረ ቁጥር መስመሮች ስክሪኑ ላይ ይወርዳሉ፤ ቃሉ ማማውን አልፎ ወደ ካባው እየሄደ ነው። የሚመለስ የለም። ባዶ ክፍል ምን ይመልሳል?

መቶን ሲያልፍ ቁጥሩ ሰለቸው። ዝም ሲል ደግሞ ስክሪኑ ይቆማል፤ ሥራውም ይቆማል። የግድግዳውን ሰዓት አየ። መኪናው እየተጫነ ይሆናል ብሎ አሰበ። ከዚያ አፉ ያለ እሱ ፈቃድ ተከፈተ ቢባል ይሻላል።

«ሲስተር» አለ፣ «የወጥ ቤቱን ቧንቧ አሠራሁት ያልኩሽ ውሸት ነው። ይንጠባጠባል። ስመጣ እኔ አሳየዋለሁ ብለሽ ነበር፤ ካሠራሁት የምትመጪበት ነገር አንድ የሚቀንስ መሰለኝ።»

መስመሮቹ ወረዱ። ማሽኑ አልሳቀበትም። ቀጠለ።

«በአንቺ በኩል ነው የምተኛው። የኔ ቦታ ባዶ ሲሆን ይቀለኛል፤ ያንቺ ባዶ ሲሆን ግን ሌሊቱ አይነጋም። ዳቦ ሁለት ነው የምገዛው። ባለ ሱቁ ሲስተር መጣች እንዴ ይለኛል፤ ልትመጣ ነው እለዋለሁ። እሱም ሰልችቶት መጠየቅ ትቷል። መቼም ለበሽተኞችሽ በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ትያቸዋለሽ፤ እኔ ሁለት ዓመት ሙሉ ደብቄሻለሁ። ናፍቀሽኛል። በየቀኑ ድምፄ ይሰማል ወይ የምልሽ መስመሩን ልፈትሽ አይደለም።»

ውኃ ጠጣ። በዚያች ፋታ የማማው ስክሪን ጸጥ ብሎ ቆመ። እጁ ግን ሥራ ለምዷልና ከማማው ማሽን ተነሥቶ ወደ ካባው ማሽን ገባ፤ ሁለቱ ጎን ለጎን ስለሚተዋወቁ በር አይዘጋጉም። እየገባም አፉ አላረፈም።

«እንዳሻሽ የምልሽ አክብሬሽ ነው ብዬ ራሴን እያታለልኩ ኖርኩ። ግማሹ እውነት ነው። ግማሹ ፍርሃት ነው። ነይ ብዬሽ እምቢ ብትዪስ? እንዳሻሽ ያለ ሰው እምቢ አይባልም። ለዚህ ነው። ሌላ ምክንያት የለኝም።»

የካባውን የመንገድ ሠንጠረዥ አወጣና አነበበ። ደግሞ አነበበው። ጥሪ ወደሚያገናኘው ስልክ ሰርቨር የሚወስደው መንገድ አለ፤ ለዚህ ነው ጥሪው የሚከፈተው። ወደ ዋናው መሥሪያ ቤት ስልኮች፣ ወደ እሱ ጠረጴዛ ማለት ነው፣ የሚመልሰው መንገድ ግን የለም። ገመዱ ጤነኛ ነው። የጠፋው አንድ መስመር ጽሑፍ ነው።

ማን እንዳጠፋውም ወዲያው ገባው። በትዕዛዝ ብቻ የገባ መንገድ ማሽኑ እስኪጠፋ ድረስ ነው የሚኖረው፤ እንዲዘልቅ ከተፈለገ ማሽኑ ሲነሣ በሚያነበው ፋይል ውስጥ መጻፍ አለበት። ጋሽ ፒንግ ለአዲስ ሠራተኛ ሁሉ መጀመሪያ የሚያስተምረው ይህንን ነው፤ የረሳ ካለም ሲያሾፍበት ይከርማል። ሲስተርን ያደረሰ ቀን ያቺን መስመር በትዕዛዝ አስገብቶ፣ መሥራቷን አይቶ፣ ፋይሉን ሊከፍት ሲል ሹፌሩ ጥሩምባ ነፋ። ሲስተር ሻንጣዋን ሳትፈታ ክሊኒኩ በር ላይ ቆማለች። ዓይኑ እንባ ሊያቀርር መሆኑን ስላወቀ ላፕቶፑን አጥፎ፣ አንገቱን ደፍቶ መኪናው ውስጥ ገባ። ሁለት ዓመት ማሽኑ ለአንዲት ቀን ጠፍቶ ስለማያውቅ ጉዱ ሳይታወቅ ቆየ።

እንግዲያው ከካባው ወደዚህ የሚመጣ ቃል ሁሉ እዚያው በሩ ላይ እየተጣለ ነው ማለት ነው። ለማረጋገጥ ያህል የካባውን ማሽን ከክሊኒኩ ስልክ የሚደርሰውን እንዲያሳየው አዘዘው። ክፍሉ ባዶ ስለሆነ ምንም አይወርድም ብሎ ነበር የጠበቀው።

ስክሪኑ ዘነበ። መስመር በመስመር ላይ፣ ከክሊኒኩ ስልክ ወደ ጋሽ ፒንግ ጠረጴዛ፣ ከክሊኒኩ ስልክ ወደ ጋሽ ፒንግ ጠረጴዛ፤ እየመጣ፣ መንገድ እያጣ፣ እየተጣለ። ስልኩ የሚልከው ሰው ሲናገር ብቻ ነው።

ጋሽ ፒንግ ወደ ስክሪኑ ጠጋ አለ። ዝናቡ ቀጠለ፣ ቀጠለ፣ ቆመ።

«አለሽ?» አለ።

ጥቂት መስመሮች ወረዱና ቆሙ።

«ሲስተር ነሽ?»

ጥቂት ወረዱ።

«ከመቼ ጀምሮ ነው የምትሰሚው?»

ይህኛው ረጅም ነበር። ጋሽ ፒንግ እጁን ስክሪኑ ላይ አደረገ። ሚስቱ ልቧን እየሰጠችው ነው፤ እሱ የሚያየው ቁጥር ብቻ ነው። በዕድሜው ሙሉ እንደዚያች ደቂቃ ምንም ነገር ናፍቆ አያውቅም። ወደ ኪቦርዱ ዞረ። የጠፋችው መንገድ በአንድ ትዕዛዝ የምትገባ፣ እንቅልፍ ላይ ሆኖ እንኳ የሚጽፋት ነች፤ ሁለት ጊዜ ተሳሳተ። በሦስተኛው ገባች።

«...ደንቁረሃል እንዴ አንተ ሰው? አለሁ አልኩህ እኮ!» አለ ስልኩ።

ግንባሩን ጠረጴዛው ላይ ደገፈ። «አሁን ገና ነው የሰማሁሽ» አላት። በዚህ ሰዓት እኮ በሽተኛ ጉብኝት ላይ ነሽ ብዬ ነው አላት። ዛሬ ቀድማ ጎብኝታ እንደጨረሰች፣ ስልኩ ራሱን ሲከፍት ጠረጴዛው ላይ መድኃኒት እየደረደረች እንደነበረ ነገረችው። ከቧንቧው ጀምሮ ሰማሽ ወይ ብሎ ጠየቃት።

«ከአንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ጀምሮ» አለች። «መቶ ስትደርስ ልዘጋብህ ነበር።»

ሳቀ። ትንሽ አልቅሶም ነበር፤ ሁለቱ ሲደባለቁ የሚወጣው ድምፅ ለአንድ የሃምሳ ዓመት ሰው የሚያኮራ አይደለም። ሲስተር ግን አልሳቀችም።

«እና እኔ ስመልስልህ የነበረው?»

«አልደረሰኝም።»

«ምንም?»

«ምንም። መመለሻው ጠፍቶ ነበር።»

«ታዲያ የት ሄደ?»

ሊዋሻት ፈለገ፤ የሆነ ቦታ ተቀምጧል፣ እፈልገዋለሁ ሊላት። «ተጣለ» አላት።

ሲስተር ዝግ ብላ፣ አንዳንዱ ደግማ የምትለው እንዳልነበረ፣ እንደዚያ ያለ ነገር ከሰው አፍ አንድ ጊዜ ከወጣ እንደሚበቃ ነገረችው። ለእሱ የተባለ፣ እሱ ብቻ ሊሰማው የሚገባ ቃል ነበር፤ አሁን በዓለም ላይ የለም። ያጠፋው ራሱ ነው፤ የሚከሰውም ሌላ ሰው የለም።

«ወረቀቱን ጠዋት ፈርሜዋለሁ» አለች። «በሹፌሩ የደረት ኪስ ውስጥ ነው። ይኸው እዚህ መስኮቴ ሥር ሞተሩን እያሞቀ ነው።»

እውነትም ከድምፅዋ ኋላ የሞተር ጉርምርምታ ይሰማል።

«አሁን ትሰማኛለህ?»

«እሰማሻለሁ።»

«በደንብ?»

«በደንብ።»

«እንግዲያው እየሰማኸኝ ልጠይቅህ። ምን ትላለህ?»

ያቺ የለመዳት ቃል ምላሱ ጫፍ ላይ መጥታ ቆመች። ሰው ሳይሰማ መናገርማ ማንም ይናገራል፤ ይህኛው የሚመለስ ነገር አለው። እምቢ ብትል እምቢዋ ተራራውን አልፎ፣ ማማውን አልፎ፣ ጥርት ብሎ ጆሮው ውስጥ ይገባል። መንገዱን ራሱ ከፍቶላታል።

«ነይ» አለ።

ወደ ስልኩ ተጠጋ።

«እንዳሻሽ አይደለም የምልሽ። እኔ እንዳሻኝ ነው የምልሽ። ነይ። እምቢ ማለት ትችያለሽ፤ እኔ ግን ነይ ብያለሁ።»

ወንበር ሲገፋ ተሰማ። የእግር ኮቴ፤ በር ሲከፈት። የሞተሩ ድምፅ ድንገት ጎላ ብሎ ክፍሉን ሞላው። ሲስተር ስልኩን ሳትዘጋ ወጥታለች። ጋሽ ፒንግ ቁጭ ብሎ መጠበቅ ስላቃተው ያቺን አንዲት መስመር ፋይሉ ውስጥ ጻፋት። አስቀመጣት። መልሶ ከፍቶ አያት፤ አለች። ደግሞ ከፍቶ አያት።

ባለ ሰርቨሯ ከምሳ ተመልሳ ገባች። ከስልኩ የሚወጣውን የመኪና ጩኸት ሰምታ ይሄ ደግሞ ምን ዓይነት ሙከራ ነው ልትለው ስትል በእጁ ቆይ አላት፤ ፊቱን አይታ ቦርሳዋን እንደያዘች ቆመች። ሞተሩ አገሣ። ማርሽ ሲገባ ተሰማ። ጎማ ጠጠር ላይ ተንከባለለ፤ ድምፁ እየራቀ፣ እየቀነሰ ሄደ። ከዚያ ጭራሽ ጠፋ።

ጭጭ አለ። እነዚህ ስልኮች ዝምታን አይልኩም፤ መኪናው ይሂድ ይቁም የሚያውቅበት ነገር የለም። ጋሽ ፒንግ ጆሮውን ስልኩ ላይ ለጥፎ ቆየ። ባለ ሰርቨሯም ሳታውቀው ጎንበስ አለች።

ከሩቅ የሹፌሩ ማጉረምረም መጣ፤ ሲስተር፣ ተፈርሞ የተሰጠ ወረቀት እንዴት ይመለሳል፣ አለቃው እኔን ምን ይሉኛል እያለ ነው። ከዚያ የሲስተር ድምፅ ተከተለ፤ መኪናውን ሮጣ አስቁማ ሹፌሩን ይዛው እንደተመለሰች ያስታውቃል፣ ትንፋሿ ተቆራርጧል።

«ስጠኝ አልኩህ» አለችው። «ባሌ ነይ ብሎኛል።»